የሮን ጎልድማን ቤተሰብ ጠበቃ የጻፈውን መጽሐፍ ጨረስኩት፣ ስለሱ ልጻፍላችሁ

ሰሞኑን ያለቀልኝ መጽሐፍ ነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከእጄ አልወጣም፣ ስለዚ ሳልጽፍለት ባልፍ ቅር ይለኛል። ታዋቂውን የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች ኦጄ ሲምፕሰንን በሁለት ሰዎች ግድያ በፍትሐ ብሔር ችሎት ከሶ የረታው ጠበቃ ዳንኤል ፔትሮቼሊ የጻፈው ነው፣ «ትራይምፍ ኦፍ ጀስቲስ» ይባላል (የፍትህ ድል እንደማለት ነው)፣ በ1998 የወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው)። ፒተር ኖብለር የሚባል ጸሐፊ አብሮት ሰርቶበታል። ወፍራም ነው፣ ከ600 ገጽ በላይ፣ ብዙ ቦታም ጥያቄና መልስ ነው፣ ጠበቃው ይጠይቃል ሰውየው ይመልሳል፣ ይጠይቃል ይመልሳል። እንዲ ሲባል አሰልቺ ይመስላል አይደል? ለኔ ግን የመጽሐፉ ዋጋ እዛ ውስጥ ነው ያለው።

ስለ ኦጄ ጉዳይ ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የወንጀሉን ችሎት ነው። ነጩ ብሮንኮ መኪና በሄሊኮፕተር ሲከተሉት፣ ማስረጃ ሆኖ የቀረበው ጓንት እጁ ላይ አልገባ ሲል፣ ከዛ ኦክቶበር 3 ቀን 1995 ጥፋተኛ አይደለም ሲባል። ወሬው እዛ ጋ ያልቃል። እኔም ሁለተኛ ችሎት እንደነበረ እሰማ ነበር እንጂ ካሳ ጠይቀው አገኙ በሚል ነው ያለፍኩት። መጽሐፉን ሳነብ ነው የገባኝ፣ በመጀመሪያው ችሎት አንድ ቀን እንኳን ለምስክርነት ያልተቀመጠው ሰውዬ ሁለተኛው ላይ ቃለ መሃላ ፈጽሞ የተጠየቀውን ሁሉ እንዲመልስ ተገዷል፣ ጉዳዩን የፈታውም እሱ ነው። ከዲኤንኤውም ከጓንቱም በላይ ማለቴ ነው።

ለማታውቁት ባጭሩ፦ ጁን 12 ቀን 1994 ማታ ሎስ አንጀለስ ብሬንትዉድ በሚባለው ሰፈር የኦጄ የቀድሞ ሚስት ኒኮል ብራውን ሲምፕሰን እና ሮናልድ ጎልድማን የሚባል ወጣት በስለት ተገደሉ። እሷ 35 ዓመቷ፣ እሱ 25። ሮን ሜዛሉና የሚባል ሬስቶራንት አስተናጋጅ ነበር፣ ያን ቀን የኒኮል ቤተሰብ እዛ እራት በልተው ነበርና እናቷ መነጽራቸውን ረስተው ሄዱ፣ ኒኮል ደወለች፣ ሮን ስራ ሲጨርስ መነጽሩን በፖስታ አድርጎ ሊያደርስላት ሄደ። በቃ ይሄው ነው። መነጽር ሊመልስ የሄደ ልጅ ነው። ፖስታው አስከሬኑ ካለበት ቦታ ተገኘ። በወንጀሉ ችሎት ጊዜ ዓለም ሁሉ ስለ ኦጄ ሲያወራ የዚህ ልጅ ስም «ሌላው ሟች» ሆኖ ነው የቀረው፣ አባቱ ፍሬድ ጎልድማን ካሜራ ፊት ቆመው የልጃቸውን ስም ደጋግመው የሚጠሩትም ለዛ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ህጉ ልግባ፣ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚ ጋ ስለሆነ። አንዴ ነጻ የተባለ ሰው በዛው ወንጀል ሁለቴ አይከሰስም፣ ታዲያ እንዴት ሁለተኛ ችሎት ቆመ? መልሱ የወንጀሉን ክስ የሚያቀርበው መንግስት ነው፣ ቅጣቱም እስር ነው። የፍትሐ ብሔሩን የሚያቀርቡት ግን ቤተሰቦቹ ናቸው፣ ልጄን ገደልክብኝ፣ ለጉዳቴ ተጠያቂ ነህ ብለው። ከሳሹ ሌላ፣ የሚጠየቀው ሌላ፣ የማስረጃውም መለኪያ ሌላ። በወንጀል ከበቂ ጥርጣሬ በላይ ማስረዳት አለብህ፣ አስራ ሁለቱም የጁሪ አባላት (ከህዝቡ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡት ሰዎች) መስማማት አለባቸው። በፍትሐ ብሔር የማን ማስረጃ ሚዛን ደፋ ነው ጥያቄው፣ ካሊፎርኒያ ላይ ደሞ ከአስራ ሁለቱ ዘጠኙ ከተስማሙ ይበቃል። ብዙ ሰው ታዲያ «ያው ቀላል ስለሆነ ነው ያሸነፉት» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንደኛ ጁሪው ተጠያቂ ነው ያለው አስራ ሁለቱም ተስማምተው ነው፣ ዘጠኝ ለሶስት ምናምን አይደለም። ሁለተኛ የመቅጫ ካሳ ለመፍረድ ሰውየው በክፋት እንዳደረገው ከተራው ሚዛን ከፍ ያለ ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ ያስፈልጋል፣ እሱንም አልፈውታል።

ዋናው ልዩነት ግን ከሚዛኑም በላይ ዝም የማለት መብቱ ነው። በወንጀል ችሎት ተከሳሽ ራሱን ላለመወንጀል ዝም የማለት ህገ መንግስታዊ መብት አለው፣ ኦጄም ተጠቀመበት፣ ጁሪው ጓንቱን ሲሞክር አየው እንጂ ሲመሰክር አልሰማውም። ነጻ ከተባለ በኋላ ግን በዛ ወንጀል ዳግም ሊከሰስ ስለማይችል የሚፈራው ነገር የለም፣ የሚፈራው ከሌለ ደሞ ዝም የማለት ምክንያት የለውም። ማለትም ነጻ ያወጣው ፍርድ ራሱ ነው አፉን ያስከፈተው። ይሄን ሳነብ ትንሽ ቆም ብዬ አሰብኩበት።

ጠበቃውስ ማን ነው? ፔትሮቼሊ የወንጀል ጠበቃ አልነበረም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የድርጅቶችን ክርክር የሚይዝ፣ ውል ፈረሰ ብር ቀረ በሚባልባቸው ፋይሎች ላይ የሚውል ሰው ነው። የግድያ ፋይል ይዞ አያውቅም። መጀመሪያ ላይ ይሄ ድክመት መሰለኝ፣ እያነበብኩ ስሄድ ግን ለዚህ ጉዳይ እንደሱ የሚሆን ሰው እንዳልነበረ አመንኩ፣ ምክንያቱም የንግድ ጠበቃ ስራው ምንድነው? ቁጭ ብሎ ወረቀት ማንበብ፣ የሰዓት ተራ ማውጣት፣ አንዱ የተናገረውን ከሌላው ቃል ጋር እያስተያዩ የማይገጥመውን ቦታ መፈለግ። ዝና አያስደነግጠውም፣ ቴሌቪዥን አያስፈልገውም። እሱና አብረውት የሰሩት ጠበቆች የወንጀሉን ችሎት መዝገብ እንደ አዲስ ነው ያገላበጡት፣ አቃቤ ህጎቹ ያልተጠቀሙበትን ሁሉ እየለቀሙ።

አንዱ የለቀሙት ነገር ለፖሊስ የሰጠው ቃል ነው። ግድያው በተፈጸመ በማግስቱ ጁን 13 ኦጄ ጠበቃ ሳይዝ ለሁለት መርማሪዎች ቃሉን ሰጥቷል፣ 32 ደቂቃ በቴፕ የተቀዳ። አቃቤ ህጎቹ በወንጀሉ ችሎት ለጁሪው አላቀረቡትም። እዛ ውስጥ ስለ ጣቱ ቁስል ይናገራል። የግራ እጁ መሃል ጣት ተቆርጦ ነበር፣ ግድያው ቦታ ላይ ደሞ ከደም ጫማ ዱካው በስተግራ የደም ጠብታዎች ነበሩ፣ ዲኤንኤው የሱ ነው የተባለ። ስለዚ መቼና የት ተቆረጥክ የሚለው ቀልድ ጥያቄ አይደለም። ያን ቀን ያለውና በኋላ በቃለ መሃላ ያለው አልገጠመም። ፔትሮቼሊ እዚች ክፍተት ላይ ነው እግሩን የሚተክለው፣ መቼ ደማ፣ የት አየኸው፣ በምን ጠረግከው፣ በዛው ማታ ቺካጎ በረህ እዛ ሆቴል ውስጥ በብርጭቆ ተቆረጥክ ካልክ ከመሄድህ በፊት ቤትህ የፈሰሰው ደም ከየት መጣ? ድምጹን ከፍ አያደርግም፣ አይሰድብም፣ እንዲሁ አንዱን ጥያቄ ከሌላው እያስከተለ ይሄዳል።

ይሄ ሁሉ የሚሆነው ዲፖዚሽን በሚሉት ነው፣ ከችሎት በፊት ጠበቆችና ጸሐፊ ባሉበት ቃለ መሃላ ተፈጽሞ የሚሰጥ ቃል ማለት ነው። ዳኛ የለም፣ ጁሪ የለም። በጃንዋሪ 1996 ጀምሮ ብዙ ቀን የፈጀ ነበር። የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ብዬ የማስበው እሱ ነው። የወንጀል ችሎት ላይ ጠበቆች ጥያቄ የሚጠይቁት መልሱን እያወቁ ነው ይባላል፣ እዚህ ግን አላማው ሌላ ነው፣ ሰውየው በኋላ መመለሻ እንዳይኖረው ሁሉንም በር መዝጋት ነው። ያን ማታ የት ነበርክ፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፣ ማን አየህ፣ የሊሙዚን ሹፌሩ ኤርፖርት ሊወስድህ መጥቶ ደውሎ ደውሎ ለምን አልከፈትክም፣ ምን ለብሰህ ነበር። እያንዳንዱ መልስ ተጽፎ ይፈረምበታል፣ ከወራት በኋላ ችሎት ላይ የተለየ ነገር ቢናገር ወረቀቱ ይወጣበታል።

ከሁሉ የከበደኝ ስለ ድብደባው የሚጠይቀው ነው። በ1989 አዲስ ዓመት ለሊት ኒኮል ተደብድባ ፖሊስ ጠርታ ኦጄ በሚስት መደብደብ ተከስሶ ሳይከራከር ተቀጥቶበታል፣ ፊቷ አብጦ የተነሳችው ፎቶ አለ። በ1993 ኦክቶበር ደሞ እሱ በር ሰብሮ ሲገባ ለ911 (የአደጋ ጊዜ ስልክ) ደውላ ድምጹ ከጀርባ እየጮኸ የሚሰማበት ቴፕ አለ። እና ቁጭ ብሎ መትተሃት ታውቃለህ ሲባል በጭራሽ አለ። በጥፊ? አልመታሁም። በቡጢ? አልመታሁም። ታዲያ ይሄ ፊቷ ላይ ያለው ምንድነው? ስንታገል ነው፣ እሷ ነች የጀመረችው። አንድ ሰው ጥቂቱን አምኖ ትልቁን ቢክድ ምናልባት ጁሪው ያመነው ነበር። ሁሉንም ሲክድ ግን ፎቶው እየታየ፣ ቴፑ እየተሰማ፣ ጁሪው እዚህ ላይ ከዋሸ ሌላውስ ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ጠበቃው የተጠቀመበት ይሄን ነው። ኒኮል የጻፈችው ማስታወሻም በዚህ ችሎት ለጁሪው ቀርቧል፣ እሷ ራሷ በእጇ የጻፈችው።

ከዛ ጫማው። ይሄን ክፍል ያነበብኩት ሌሊት ነው፣ ማቆም አልቻልኩም። ግድያው ቦታ ላይ የነበረው የደም ዱካ የኤፍቢአይ ባለሙያ እንዳረጋገጠው ብሩኖ ማሊ የሚባል የጣሊያን ጫማ ነው፣ ውድ፣ ቁጥር 12። በዛ ቁጥር አሜሪካ ውስጥ የተሸጠው 299 ጥንድ ብቻ ነበር። በወንጀሉ ችሎት አቃቤ ህጎቹ ኦጄ እንዲህ ያለ ጫማ እንደነበረው ማሳየት አልቻሉም፣ የሱቅ ደረሰኝም ፎቶም አላገኙም። ዲፖዚሽኑ ላይ ሲጠየቅ ደሞ እንደዛ ያለ አስቀያሚ ጫማ አድርጌ አላውቅም አይነት መልስ ሰጠ። በቃ በሩን ራሱ ዘጋው። ወራት አልፈው አንድ ፎቶ ወጣ፣ ሴፕቴምበር 1993 ቡፋሎ ቢልስ በሚባለው የፉትቦል ቡድን ስታዲየም ሜዳ ላይ እየሄደ የተነሳው፣ እግሩ ላይ ያንኑ ጫማ። ተከላካዩ ወገን ባለሙያ አምጥቶ ፎቶው የተቀነባበረ ነው አስባለ። እሺ፣ አንድ ፎቶ ነው፣ ሊያከራክር ይችላል። ከዛ በገና ሰሞን ችሎቱ እየተካሄደ እያለ ሌላ ፎቶ አንሺ በዛው ቀን ያነሳቸው 30 ፎቶዎች ብቅ አሉ፣ ከነሱ አንዱ ደሞ በኖቬምበር 1993 በቡድኑ ጋዜጣ ላይ ታትሞ የወጣ ነው። ማለትም ግድያው ከመፈጸሙ ከሰባት ወር በፊት የታተመ። ማነው ታዲያ ያልተፈጸመ ግድያን አስቦ ቀድሞ ፎቶ የሚያቀነባብረው? ይሄን ቦታ ጠበቃው ሲተርከው ደስታው ከገጹ ላይ ይነበባል፣ አልፈርድበትም።

ዳኛውንም ሳላነሳ አላልፍም። የወንጀሉን የያዙት ዳኛ ላንስ ኢቶ ካሜራ ፈቅደው ችሎቱ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ሆኖ ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ቆየ። ሳንታ ሞኒካ ላይ የፍትሐ ብሔሩን የያዙት ሂሮሺ ፉጂሳኪ ካሜራ አይገባም አሉ፣ ድምጽ መቅጃም አይገባም፣ ጠበቆችም ውጭ ወጥተው ስለ ጉዳዩ እንዳያወሩ ከለከሉ። ደሞ ፖሊስ ኦጄን ለማስወንጀል ሀሰተኛ ማስረጃ አስቀምጧል የሚለውን ክርክር ያለ ማስረጃ በግምት ብቻ እንዲነዛ አልፈቀዱም፣ ካለህ አቅርብ ነው። ኦክቶበር 1996 የመክፈቻ ንግግር ተደርጎ ፌብሩዋሪ 1997 መጀመሪያ ላይ አለቀ። ፔትሮቼሊ ዳኛውን በጣም ነው የሚያከብራቸው፣ ያሸነፈ ጠበቃ ዳኛ ማመስገኑ አይገርምም ትላላችሁ፣ ግን ሁለቱን ችሎቶች አስተያይታችሁ ስታነቡ እውነት አለው።

ቅር ያለኝ ቦታ እዚ ይጀምራል። በወንጀሉ ጁሪ ከአስራ ሁለቱ ዘጠኙ ጥቁሮች ነበሩ፣ በሳንታ ሞኒካው አብዛኛው ነጭ። ይሄ ልዩነት አሜሪካን ለሁለት የከፈለ ነገር ነው። ሮድኒ ኪንግ የሚባለውን ጥቁር ሰው በካሜራ ፊት የቀጠቀጡት ፖሊሶች በኤፕሪል 1992 ነጻ ወጥተው ከተማዋ የተቃጠለችው ከዚህ ግድያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ እዛው ሎስ አንጀለስ ነው። ጓንቱን አገኘሁ ያለው መርማሪ ማርክ ፈርማን ጥቁሮች የሚሰደቡበትን ያንን የዘር ስድብ ለዓመታት ተጠቅሜ አላውቅም ብሎ ምሎ በቴፕ ሲጠቀም ተሰምቷል፣ በሀሰት ምስክርነትም ተቀጥቷል። እንዲህ ያለ ፖሊስ ያየ ሰው ፖሊስን አላምንም ቢል ምኑ ይገርማል? ጠበቃው ይሄን ጨርሶ አያነሳም አልልም፣ ግን ቶሎ ቶሎ ያልፈዋል፣ የመጀመሪያውን ጁሪ ተሳስተዋል ከማለት አልፎ ለምን እንደዛ እንዳሰቡ ከልቡ ለመረዳት ሲሞክር አላየሁትም። ለኔ ሁለቱም ነገር አብሮ እውነት ነው፣ ኦጄ ገድሏል ብዬ አምናለሁ፣ የሎስ አንጀለስ ፖሊስም የጥቁሩን ህዝብ እምነት ያጣው በገዛ ስራው ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም።

ሌላው ቅሬታዬ ኒኮል ናት። የመጽሐፉ ልብ ሮን ጋ ነው፣ ያው የአባቱ ጠበቃ ነው፣ ይገባኛል። የሷ ቤተሰብ ሌላ ጠበቃ ነበራቸው። ግን የብራውን ቤተሰብ ያለፉበት ነገር ከሁሉም የከበደ ነበር ብዬ ነው የማስበው። የልጆቿ አባት ተከሳሹ ነው እኮ። ለሞቷ ካሳ ቢጠይቁ የሚጠይቁት በልጆቹ ስም ነበር፣ ልጆቹን በአባታቸው ላይ ማቆም ማለት ነው፣ ስለዚ እሱን ትተው በሟች ንብረት ስም ብቻ ነው የከሰሱት። እና ችሎቱ ገና ሳያልቅ ዲሴምበር 1996 ሌላ ዳኛ ልጆቹን የማሳደግ መብት ለኦጄ ሰጠ። አያቶቻቸው ልጆቹን ለሁለት ዓመት ተኩል አሳድገው አስረከቡ። አንድ መጽሐፍ ራሱን ችሎ የሚጻፍበት ነገር ነው፣ እዚህ ጥቂት ገጽ ነው የተሰጠው።

ፍርዱ የተነበበው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1997 ማታ ነው፣ ፕሬዝዳንት ክሊንተን ለምክር ቤቱ ዓመታዊ ንግግር በሚያደርጉበት ሰዓት፣ ቴሌቪዥኖቹ የቱን እንደሚያሳዩ ግራ ገብቷቸው ነበር። ተጠያቂ ነው ተባለ። ለሮን ወላጆች 8.5 ሚሊዮን ዶላር፣ ከቀናት በኋላ ደሞ የመቅጫ ካሳ 25 ሚሊዮን፣ ግማሹ ለሮን ግማሹ ለኒኮል ወገን። ድምር 33.5 ሚሊዮን ዶላር። የሮን ወላጆች የተፋቱ ናቸው፣ እናቱ ለብቻቸው ነው የከሰሱት፣ የ8.5ቱ ሚሊዮን ድርሻም አላቸው።

ካሳ የሚለው ቃል ግን እዚህ ጋ ይከብደኛል። ካሳ ስንል የኛ ጆሮ የሚሰማው ተካሰ፣ ታረቀ፣ ደም ደረቀ ነው። ፍሬድ ጎልድማን ገንዘቡን እንደዛ አላዩትም። ከፍርዱ በኋላ በአደባባይ፣ ገድያለሁ ብሎ ጽፎ ይፈርምልኝ እንጂ ገንዘቡን እተውለታለሁ ብለዋል። ሚሊዮኖች ዶላር ለአንድ የእምነት ቃል። ኦጄ አልፈረመም። ይሄን ካነበብኩ በኋላ ለገንዘብ ነው የከሰሱት የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይሄን ብቻ ነው የምነግረው።

መጽሐፉ በ1998 ስለወጣ ከዛ በኋላ የሆነውን አይነግራችሁም፣ ስለዚ ሳታውቁ ከጨረሳችሁት የተሳሳተ ስሜት ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ፍርድ ማግኘትና ፍርድ ማስፈጸም ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የፉትቦል ጡረታው በህግ የተጠበቀ ስለሆነ መንካት አይቻልም። በ2000 ወደ ፍሎሪዳ ሄደ፣ እዛ ደሞ መኖሪያ ቤት ከእዳ ጠያቂ ይጠበቃል። ሃይዝማን የሚባለው የኮሌጅ ዋንጫው በ1999 በጨረታ 230 ሺ ዶላር ወጣ፣ ከ33.5 ሚሊዮኑ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ አስሉት። ይግባኝ ጠይቆ የካሊፎርኒያ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2001 ፍርዱን አጸናው፣ ወለዱ ግን እየተቆጠረ እዳው እያበጠ ነው የሄደው። በ2008 ላስ ቬጋስ ላይ በሌላ ጉዳይ፣ በዘረፋና በአፈና ተፈርዶበት እስር ገባ፣ በ2017 ወጣ፣ ኤፕሪል 2024 በ76 ዓመቱ ሞተ። አብዛኛውን ሳይከፍል። ፔትሮቼሊ መጽሐፉን ሲጽፍ ይሄ ሁሉ ገና አልሆነም ነበር፣ ርዕሱ ላይ ያለው ድል የሚለው ቃል በ1998 ሲነበብና ዛሬ ሲነበብ አንድ አይደለም።

አጻጻፉስ? ጥሩ ነው፣ ቋንቋው ቀላል ነው፣ የህግ ቃል ሲመጣ ያብራራል። ጠበቃው ግን ራሱን ይወዳል፣ እያንዳንዱን ጥሩ ጥያቄውን ጥሩ እንደነበር ይነግራችኋል፣ ይሄን ቢቀንሰው 100 ገጽ ያህል ይቀንስ ነበር። የተከላካዩን ጠበቃ ሮበርት ቤከርን የሚስልበት መንገድም ለኔ ሚዛን አልያዘም፣ ያ ሰውዬ ስራውን ነው የሰራው። ከቡድኑ ውስጥ ማን ምን እንደሰራም አንዳንዴ ይምታታል፣ ስም ይበዛል።

ኮከብ ስጪ ካላችሁኝ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። ህግ ለሚማር ሰው ግን አምስት፣ ሳላመነታ፣ ጥያቄ እንዴት እንደሚጠየቅ እንደዚ በዝርዝር ያየሁበት ቦታ የለም። ወንጀል ነክ ነገር ለመዝናናት ለሚያነብ ሰው ምናልባት ሊከብደው ይችላል። ጊዜ ከሌላችሁ ከመጀመሪያው መጀመር የለባችሁም፣ ዲፖዚሽኑ ጋ ግቡ፣ ከዛ ጫማው፣ ከዛ ኖቬምበር 1996 ኦጄ ጁሪው ፊት የሚቀመጥበትን አንብቡ፣ ከዛ ካማራችሁ ወደ ኋላ ተመለሱ። እና ጥያቄና መልሱን አትዝለሉት፣ ረጅም ነው ብላችሁ ጠበቃው የጻፈውን ማብራሪያ ብቻ አትልቀሙ። ያገለገለ ኮፒ በርካሽ ይገኛል፣ የኔንም እንደዛ ነው ያገኘሁት፣ ከኔ በፊት የነበረው ባለቤት ስለ ጣቱ ቁስል የሚጠየቅበትን ገጽ ሙሉውን በእርሳስ አስምሮበታል።